በድል ማግስት ሰባ ውርወራ

ኦክቶበር 19

ይህን ደብተር የገዛሁት በራሴ ገንዘብ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለውን ስምም የጻፍኩት ራሴ ነኝ፦ ክሪስፒን። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። እስከ አምና ድረስ ደመወዝ ስቀበል በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው። የማታ ትምህርት አስተማሪያችን ዶኛ ኤሪዳኒያ፣ "ክሪስፒን፣ በየቀኑ ካልጻፍክ ፊደሉ ይሸሽሃል" ብለውኛል። እኔን የሸሸ ነገር የለም፤ ከመጀመሪያ ሚስቴ በቀር።

በፑንታ ብራቫ ሸርጣኖች የቤዝቦል ቡድን የማሟሟቂያ ቀላቢ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት! ጨዋታውን የሚከፍተው ወርዋሪ ሜዳ ሳይገባ በፊት አጥሩ ጥግ ሆኖ ለእኔ ይወረውራል። እኔ ቁጢጥ ብዬ እቀልባለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ "በቃህ፣ ግባ" እላለሁ። አሰልጣኝ መጣ፣ አሰልጣኝ ሄደ፤ የእኔ መዳፍ ግን እዚያው ነው። ኳሷ ጓንቴ ውስጥ ጧ ስትል ወርዋሪው ማታ ምን እንደበላ እንኳ አውቃለሁ።

ዛሬ የዓመቱ ውድድር ተጀመረ። የከፈተው ጆርዳኒ ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ትከሻው የበር መቃን ያክላል። እንደ አሮጌ የናፍጣ መኪና ነው፤ ሰባ ካልወረወረ አይሞቅም። 5 ለ 2 አሸነፍን።

ኦክቶበር 20

እኛ ቡድን ውስጥ ሕግ አለ። ካሸነፍክ ምንም ነገር አትቀይርም። ካልሲ አይታጠብም። ጺም አይላጭም። ትናንት ቁርሱ ማንጉ፣ የተፈጨ የሙዝ ገንፎ ማለት ነው፣ እና የተጠበሰ ሳላሚ ቋሊማ ከነበረ ዛሬም ማንጉና ሳላሚ ነው። ይህ የአባቶቻችን ሕግ ነው። እኔ ደግሞ አሳደግኩት፤ ትናንት ያሸነፈው ከፋች ስንትም ወርውሮ ይሙቅ የዛሬውም ያንኑ ያህል ይወረውራል። ከስድስት ዓመት በፊት እኔ ያወጣሁት ነው፣ ማንም የእኔ ነው እንዳይል እዚህ ይጻፍልኝ።

ጆርዳኒን ተከትሎ በማግስቱ የሚከፍተው ዋስካር ነው። ዋስካር አበልጄ ነው፤ ልጁን ዳሪሊንን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶታል።

"አበልጅ፣ ለእኔ ሠላሳ ይበቃኛል" አለኝ።

"ትናንት አሸንፈናል" አልኩት።

ትንሽ አየኝና መወርወሩን ቀጠለ። ሰባ። ከዚያ ሜዳ ገብቶ ከዘጠኙ ዙር ሦስት እንኳ በቅጡ አልቆየም፣ ስድስት ነጥብ ገባበት። ከበላይ ካለው የተመልካቾች ወንበር አንዱ፣ "ዋስካር! ሂድ ኮኮናት ሽጥ!" ይላል። ሌላው፣ "ኮኮናቱንም ይጥለዋል!" ይላል። አሳፋሪ።

ኦክቶበር 26

ትናንት ጆርዳኒ ተሸነፈ። ስለዚህ ሁሉም ታጠበ፣ አየሩም ጸዳ። ሕጉ ስለማይሠራ ዋስካር የፈለገውን ያህል ሞቀ። 31። ከዚያ ሰባት ዙር፣ አንድ ነጥብ ብቻ። ኳሱ ጓንቴ ውስጥ ሲገባ እንደ በሰለ ማንጎ፣ ዱብ፣ ዱብ። ጎበዝ!

ቀን፣ ትናንት ምን ሆንን፣ ስንት ወርውሮ ሞቀ፣ ስንት ነጥብ ገባበት፤ ሁሉንም በመስመር በመስመር እጽፋለሁ። ዶኛ ኤሪዳኒያ ሠንጠረዥ ይባላል አሉ።

ኖቬምበር 1

በጥድፊያ። ትናንት አሸንፈናል። 72። አራት ዙር፣ አምስት ነጥብ። ካልሲው! የጆርዳኒ ካልሲ ብቻውን ይቆማል። አፍንጫዬን ይዤ ነው የምጽፈው።

ኖቬምበር 7

ትናንት ተሸነፍን። 30። ስምንት ዙር፣ ምንም። ባዶ! ዋስካር አቀፈኝ፤ ላቡ ፊቴ ላይ።

ኖቬምበር 13

አሸንፈን ነበር። 70። ሁለት ዙር፣ ሰባት ነጥብ። አሰልጣኛችን ኤቫንጄሊስታ የትምባሆ ምራቁን ጫማዬ ላይ ተፋ፣ ሳያውቅ ይሁን አውቆ።

ኖቬምበር 14

ይህ ቀን በታሪክ ይጻፍ፤ ይኸው ጻፍኩት።

መልበሻ ክፍል ውስጥ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሳለ ወንበር ላይ ወጣሁ። "ዝም በሉ፣ የተማረ ሰው ሊናገር ነው!" አልኩ። ሳቁ። ደብተሬን ገልጬ አነበብኩላቸው። አንድም ፊደል አላደናቀፈኝም። "ትናንት ካሸነፍን ዋስካር ስድስት ነጥብ፣ አምስት፣ ሰባት። ትናንት ከተሸነፍን አንድ፣ ባዶ።" ሳቁ ቆመ።

ኤቫንጄሊስታ ደብተሩን ነጥቆኝ ራሱ አየው። "ሽማግሌው" አለኝ፣ "ይህን አንተ ነህ ያወጣኸው?"

"እኔ ነኝ አለቃ። ሕግ ነው። ይህ ሰው ድል ያሰንፈዋል። ሽንፈት ያናድደዋል፣ ሲናደድ ይወረውራል።"

"ለቀብር የተፈጠረ!" አለ ጆርዳኒ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዋስካርም ሳቀ፣ በአፉ ብቻ። "አበልጅ፣ እኔ እኮ እንዲህ ዓይነት ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር" አለኝ። "አሁን እወቅ" አልኩት።

ኤቫንጄሊስታ የቡድኑን ጃኬት ሰጠኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ቁጢጥ ብዬ ያላገኘሁትን በአንድ ገጽ አገኘሁት። ከእንግዲህ የምቀመጠው የአሰልጣኞቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው።

ኖቬምበር 19

ተሸንፈን ነበር። 29። ሰባት ዙር፣ አንድ ነጥብ። ሕጌ ይሠራል! ከበላይ ወንበር ሰው ስሜን ጠራ። የዋስካርን አይደለም፣ የእኔን።

ኖቬምበር 24

ዛሬ አሸነፍን፣ ነገ የዋስካር ቀን ነው። ኤቫንጄሊስታ ሁላችንንም ሰብስቦ፣ "ለእሱ ስንል ተሸንፈናል" አለ። ዋስካርን ማንም እንዳያናግረው፣ ሰላምታም እንዳይሰጠው፣ እንደ ለቅሶ ቤት እንድንሆን። "የሚያናድደው ደግሞ አንተ ነህ፣ ምላስህ ለዚህ የተሠራ ነው" አለኝ። እውነት ነው፣ በምላስ የሚያህለኝ የለም።

ኖቬምበር 25

ጠዋት ዋስካር መልበሻ ክፍል ገብቶ "እንዴት አደራችሁ" አለ። ሃያ አምስት ወንድ ግድግዳ አየ። አንዱ ያልታጠበ ካልሲውን ዋስካር ወንበር ላይ አስቀመጠለት። እንደ ሞተ አይጥ ይሸታል። ዋስካር በሁለት ጣቱ አንሥቶ መሬት ላይ አደረገው፣ ተቀመጠ፣ ጫማውን አሰረ።

አጥሩ ጥግ ላይ ሥራዬን ጀመርኩ። ሽማግሌ አልኩት። ክንድህ የተቀቀለ ሙዝ ነው አልኩት። ባለቤትህ ከአንተ ይልቅ ሬዲዮውን ትወዳለች አልኩት። እሱ ይወረውራል። እኔ እቆጥራለሁ። 71።

ሦስት ዙር፣ አምስት ነጥብ።

"በደንብ አላናደድከውም" አለኝ ኤቫንጄሊስታ። ይኸው እንግዲህ፣ የእኔ ጥፋት ሆነ። ምሳ አልበላሁም፤ ሩዙ ካልሲ ካልሲ ይሸተኛል።

ዲሴምበር 7

በጃንዋሪ መጀመሪያ ከጃፓን ቡድን ተጫዋች የሚመለምል ሰው ወርዋሪ ሊመለከት ይመጣል። ዋስካርን ሊያይ ነው ይላሉ፤ በሽንፈት ማግስት ያሳየውን ሰምተው።

ዋስካር ከጨዋታ በኋላ ጠበቀኝ። ትከሻው ላይ በረዶ አስሮ ነበር። "አበልጅ፣ ይሄ የመጨረሻዬ ነው" አለኝ። "ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኖህ ሌላ ሰው አይመጣልህም። ካልወሰዱኝ ከዚህ በኋላ ሸንኮራ መጫን ነው፣ እንደ አባቴ።" ከዚያ፣ "በዋዜማው እንድንሸነፍ ጸልይልኝ" አለ። የገዛ ቡድኑ እንዲሸነፍ! ተናድጄ ልመልስለት ነበር፣ ግን ዓይኑን አየሁት።

እኔ የጻፍኩት ነገር ነው እንዲህ የሚያስጸልየው። ሰው በጽሑፍ ያምናል። ትልቅ ነገር ነው መጻፍ።

ዲሴምበር 13

ተሸንፈን ነበር። 31። ሰባት ዙር፣ ባዶ።

ዲሴምበር 19

ዶኛ ኤሪዳኒያ ለገና ሳይዘጉ ደብተሬን ላሳያቸው ሄድኩ። ጃኬቴን ለብሼ፣ በዚያ ሙቀት። መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ አነበቡ። ሁለት ቦታ ፊደል አረሙ። ከዚያ ሠንጠረዡ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

"ይሄ ቁጥር ምንድን ነው? ሰባ፣ ሠላሳ አንድ፣ ሰባ ሁለት፣ ሠላሳ?"

"ሜዳ ከመግባቱ በፊት የወረወረው ነው፣ ዶኛ። ለማሟሟቅ።"

"ለምን ይለያያል?"

ሕጌን አስረዳኋቸው፤ የካልሲውን፣ የማንጉውን፣ የቆጠራውን። ኮራ ብዬ ነው ያስረዳሁት። እሳቸው ግን ጣታቸውን ከሠንጠረዡ ላይ አላነሡም።

"ካሸነፋችሁ ሁልጊዜ ሰባ፣ ከተሸነፋችሁ ሠላሳ?"

"አዎ።"

"ክሪስፒን፣ እኔ ቤዝቦል አላውቅም። ግን ሠላሳ ባልዲ ውሃ ተሸክሜ ልብስ ማጠብና ሰባ ባልዲ ተሸክሜ ማጠብ አንድ አይደለም። ሰውየው ሳይጀምር ደክሞት ቢሆንስ? እስቲ እንደገና አንብብልኝ።"

አነበብኩ። ጮክ ብዬ። መጀመሪያ የቁጥሩን መስመር፣ ከዚያ የነጥቡን መስመር። መሃል ላይ ፊደሉ አደናቀፈኝ። ሙቀቱ ነው፣ ጃኬቱ ወፍራም ነው።

"ይነግሩታል አይደል?" አሉኝ ስወጣ። በ"አንተ" የሚጠሩኝ ሴትዮ "እርስዎ" አሉኝ።

"ዛሬውኑ" አልኩ።

ዲሴምበር 20

ዛሬ አልተገናኘንም። ተገናኝተናል፣ ግን ሰው ነበር።

ደግሞም ሴትዮዋ ቤዝቦል አላውቅም ብለዋል። ጆርዳኒ ሰባ ወርውሮ አይደል የሚያሸንፈው? ሌሎቹም ሰባ ወርውረው ምንም አልሆኑም። ሌሎቹ ልጆች ናቸው፣ እሱን አውቃለሁ። ግን ሕግ ሕግ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት መዳፌ ሁሉን ያውቃል ስል ኖርኩ። በድል ማግስት ከሃምሳኛው በኋላ ኳሱ እየቀለለ ነበር የሚመጣው። እንደ ዳቦ። መዳፌ ያውቅ ነበር።

ነገ እነግረዋለሁ።

ዲሴምበር 21

አሸነፍን። ኤቫንጄሊስታ አግዳሚው ላይ ትከሻዬን አቅፎ ለጋዜጠኛ፣ "ፕሮፌሰራችን ይኼ ነው" አለ። ፎቶ ተነሣን። አሁን ምን ብዬ ልናገር? "ፕሮፌሰሩ አህያ ነው" ልበል? ፎቶው ይውጣና።

ዲሴምበር 22

70። ቆጠርኩ። አራተኛው ዙር ላይ አወጡት፣ ስድስት ነጥብ። የፕላስቲክ ብርጭቆ ወረወሩበት፣ ቢራው አንገቱ ላይ ፈሰሰ። "አያቴ ከአንተ ይፈጥናል!" ይላሉ። ወደ እኔ እያየ ወጣ። "ያው ድል አበላሸኝ አበልጅ" አለኝ።

ራሴ አስጠላኝ። ይህን ጽፌ መሰረዝ እችላለሁ፣ ማንም አያይም። አልሰረዝኩትም። ይህም አንድ ነገር ነው።

ዲሴምበር 28

ይህን ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ትናንት አሸንፈናል። ጠዋት ኤቫንጄሊስታ ጠራኝ። "ስለ ሚስቱ ስትነግረው አይናደድም። ልጁስ? አንተ ክርስትና አባቷ ነህ፣ አንተን ያምናል። የሚያቃጥል ነገር በለው። ለእሱ ብለን ነው፣ ጃፓናዊው ሊመጣ አንድ ሳምንት ነው የቀረው።" የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመ ገለባውን ወለሉ ላይ ይተፋል። ገለባውን እያየሁ፣ ሌላ ነገር ልንገርህ አለቃ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው፣ "እሺ አለቃ" ነው።

አጥሩ ጥግ፣ አርባኛው ውርወራ ላይ፣ እንዲህ አልኩት፦ "አበልጅ፣ ላልነግርህ ነበር። ዳሪሊን ትምህርት ቤት የአባታችሁን ሥራ ተናገሩ ሲሏቸው፣ አባቴ ሞቷል አለች። ብርጭቆ ሲወረውሩብህ አይታ አፍራብህ።"

ኳሱን ይዞ ቆመ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ተናግራ አታውቅም። እኔ ባለፈው እሑድ ቤታቸው ስሄድ በሩ ላይ የጋዜጣ ፎቶውን ለጥፋ ነው ያገኘኋት።

"አንተ ነህ የሰማኸው?" አለኝ።

"ራሴ።"

አልተናደደም። አንድ ሰው ውስጡ መብራት ሲያጠፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም ምን አደረግኩ? "አርባ አንድ" አልኩ። ቆጠራውን ቀጠልኩ። እስከ ሰባ።

አንድ ዙር። አንድ! ስምንት ነጥብ።

ቤቴ ገብቼ ጥርሴን ሁለት ጊዜ ፋቅኩ። አፌ ውስጥ የሆነ ነገር የበሰበሰ ይመስለኛል። ሦስተኛ ፋቅኩ፣ ድዴ ደማ። አበልጅ ማለት በእግዚአብሔር ፊት የተሰጠ ስም ነው። ውሻ እንኳ የጌታውን ልጅ አይነክስም።

ነገ እነግረዋለሁ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት ወደ ኋላ ገልጬ ማየት አልፈልግም።

ጃንዋሪ 1

አላናገረኝም። ለአዲስ ዓመት ሳንቾቾ የምንለውን የሥጋ ወጥ ላኩልኝ ስል ባለቤቱ፣ "ዋስካር ልጅቷንም አያናግርም፣ ምን ነካው?" አለችኝ። ሥራ በዝቶበት ነው አልኳት።

ጃንዋሪ 3

ጆርዳኒ አሸነፈ። ሰባ ሦስት ወርውሮ። ሰዉ ይጨፍራል። ነገ ጃፓናዊው ይመጣል፣ ነገ የዋስካር ነው። ሸርጣኖቹ ሲያሸንፉ ሳልጨፍር ቤቴ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው።

ጃንዋሪ 4

"የልጅቷን ነገር ድገምለት" አለኝ ኤቫንጄሊስታ። "ጨምርበት።"

አጥሩ ጥግ ገባን። ጃፓናዊው ነጭ ባርኔጣ አድርጎ ከበላይ ይታያል።

"ስንት ነው?" አለኝ ዋስካር። አበልጅ አይለኝም።

"ሰባ ሦስት።"

አንድ አልኩ። ሁለት አልኩ። አሥር ስደርስ አሥራ ዘጠኝ አልኩ። ከዚያ ሃያ ሰባት። አርባ። ቁጥር ተምሬ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ ቁጥር መስረቅ ሆነ። ሠላሳኛው ኳስ ጓንቴ ውስጥ ዱብ ሲል፣ "ሰባ ሦስት! በቃህ፣ ግባ" አልኩ።

አልሄደም። ክንዱን አወዛወዘ። "ክንዴ ገና አሁን ነው የሞቀው" አለ።

"ክንድህ ትምህርት ቤት ገብቶ ያውቃል? የቆጠርኩት እኔ ነኝ!"

ክንዱን ደግሞ አሽከረከረ። ከዚያ ገባ።

ስምንት ዙር። አንድ ነጥብ። በድል ማግስት! ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። ሃያ ወንድ እኔን ወደ ላይ አነሣኝ፣ "ያናደደው ክሪስፒን ነው!" እያለ። ከላይ ሆኜ ዋስካርን ፈለግኩት፤ ብቻውን ትከሻው ላይ በረዶ ያስር ነበር። የተሸከሙኝ ሰዎች ብብት የሦስት ቀን ድል ይሸታል። አውርዱኝ አልኩ። አልሰሙኝም።

ጃንዋሪ 5

ወሰዱት። ዋስካር ነገ ለፊርማ ወደ ዋና ከተማው ይሄዳል።

ኤቫንጄሊስታ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ። "ሕጉን ለጃፓኖቹ ጻፍላቸው። ካሸነፉ በማግስቱ እንዴት እንደሚያናድዱት፣ በልጅቷ በኩል እንዲሆን። በእጅህ ጻፈው፣ አስተርጓሚ አላቸው። ዋስካር ይዞላቸው ይሂድ።" አንብቦ ሊያየው አልፈለገም። "አንተ ትጽፍ የለ" አለ።

ሰው ይህን ያህል ያምነኛል። እስክሪብቶውን ተቀበልኩ።

ጃንዋሪ 6

ይህን ጻፍኩላቸው፦

"ዋስካር ከጨዋታ በፊት ሠላሳ ብቻ ይወርውር። ከዚያ በላይ ይደክመዋል። ትናንት ማሸነፍና መሸነፍ ከእሱ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ማንም አይስደበው። ልጁን ይወዳል፣ እሷም ትወደዋለች። ክሪስፒን፣ የማሟሟቂያ ቀላቢ።"

ሰባ ያስወረወረው ማን እንደሆነ አልጻፍኩም። ቦታ አልነበረም። ቦታ ነበር፤ የገጹ ግማሽ ባዶ ነው።

አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ይዤለት ሄድኩ። ወረቀቱን እዚያው ቆሞ አነበበው። ሁለት ጊዜ።

"ሠላሳ" አለ።

"ሠላሳ።"

"ጃፓናዊው የመጣ ቀንም ሠላሳ ነበር የወረወርኩት።"

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?"

ቀኑን መርሳት እፈልግ ነበር። ጽፌዋለሁ፣ እንዴት ልርሳ። "ከዲሴምበር 19" አልኩት።

በጣቱ ቆጠረ። "ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሰባ አስወርውረኸኛል።"

"ሁለት።"

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ዋስካር አልተንቀሳቀሰም። "እሷ ትወደኛለች ብለህ ጽፈሃል። ሞቷል ያለችውስ?"

"ዋሸሁ።"

"ዘጠኝ ቀን አላናገርኳትም" አለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "ሻንጣዬን ይዛልኝ እስከ በር ወጣች፣ እኔ አላየኋትም። አሁን ስልክ እደውልላታለሁ። አባዬ ለምን ነበር የተቆጣኸኝ ትለኛለች። ምን ልበላት፣ ክሪስፒን? አንተ ቃል አታጣም። ንገረኝ።"

ቀልድ ፈለግኩ። ደግሞም መጣልኝ፤ ሦስት መጡልኝ፣ ሦስቱም ጥሩ ነበሩ። አንዱንም አልተናገርኩም።  ሾፌሩ ሁለተኛ ጥሩምባ ሲነፋ ዋስካር ወረቀቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ሳይሰናበተኝ ገባ።